ከባሕር ዳር በአውሮፕላን፦ ርቀቱንና የጉዞውን ሰዓት ራሳችሁ አስሉት

ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ካለችው የኮፒና የኅትመት ቤቴ ትኬት ሊያሳትም የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ አይሄድም። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»፤ በመጨረሻም በሩ ላይ ቆም ብሎ «ይኼ 07:10 የሚለው በኛ ስንት ሰዓት ነው?»። ለእያንዳንዱ በቃል ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ኪሎ ሜትሩ ቀላሉ ክፍል ነው፤ በረራ የሚያስመልጠው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ከ4ኛው ደረጃ ጀምሮ ያለውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትኬቱ፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱ በግልጽ የሚታይበት
- የስልክ ካልኩሌተር (የ√ ምልክቷ ካልታየች ስልኩን አጋድሙት፣ ብዙ ስልክ ላይ ትወጣለች)
- ጉግል ማፕ
- የኛና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት የግድግዳ ካላንደር
- ወረቀትና እስክርቢቶ፤ በጭንቅላት የተሠራ የሰዓት ሒሳብ ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ይስታል

ደረጃ 1፦ ከተማውን ትታችሁ ኤርፖርቱን ለዩ

ትኬታችሁ ላይ ከከተማው ስም አጠገብ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። ባሕር ዳር «ቢ ጄ አር»፣ አዲስ አበባ ቦሌ «ኤ ዲ ዲ»፣ ጎንደር «ጂ ዲ ኪው»፣ ላሊበላ «ኤል ኤል አይ» ነው። ርቀት የሚለካው በነዚህ ፊደላት በተለዩት ቦታዎች መካከል ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ የባሕር ዳር ኤርፖርት መሀል ከተማ አይደለም፤ በስተ ምዕራብ ወደ 8 ኪ.ሜ ገደማ ይርቃል። ጉግል ላይ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ብትለኩ የምትነሡት ከከተማው መሀል ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንዳንድ ከተማ ከአንድ በላይ ኤርፖርት አለው። ዱባይ ሁለት አለው፤ ዋሽንግተን ዳላስ የሚባለው፣ ሬገን የሚባለውና ጎረቤቱ ባልቲሞር አሉ። የሚቀበላችሁ ዘመድ አንዱ ጋ ቆሞ እናንተ ሌላው ጋ እንዳትወርዱ ፊደሎቹን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት።

ደረጃ 2፦ የቦታ ቁጥሮቹን ያዙ

እያንዳንዱ ኤርፖርት ሁለት ቁጥር አለው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ይነግረናል፤ ኬንትሮስ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን። ለኛ የሚበቁት፦

- ባሕር ዳር፦ ሰሜን 11.61፣ ምሥራቅ 37.32
- አዲስ አበባ ቦሌ፦ ሰሜን 8.98፣ ምሥራቅ 38.80
- ጎንደር፦ ሰሜን 12.52፣ ምሥራቅ 37.43
- ላሊበላ፦ ሰሜን 11.98፣ ምሥራቅ 38.98

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ቦታ ቁጥሩ በዲግሪና በደቂቃ ይጻፋል፣ ለምሳሌ 11° 36′። ይህ 11.36 ማለት አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 36ን ለ60 አካፍሉ፤ 0.60 ይመጣል፣ ስለዚህ 11.60 ነው። ይህን የሳተ ሰው የባሕር ዳርን ኤርፖርት ወደ 27 ኪ.ሜ ወደ ደቡብ ያስኬደዋል።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ሥሩ

በኛ አገር ክልል የሚሠራ አጭር መንገድ ይኸውላችሁ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪ.ሜ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ግን ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ በኛ አካባቢ አንዱ ዲግሪ ወደ 109 ኪ.ሜ ይወርዳል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፦

ሀ. የኬክሮስ ልዩነት፦ 11.61 − 8.98 = 2.63፤ 2.63 × 111 = 292
ለ. የኬንትሮስ ልዩነት፦ 38.80 − 37.32 = 1.48፤ 1.48 × 109 = 161
ሐ. ሁለቱንም በራሳቸው አባዙና ደምሩ፦ 292 × 292 = 85,264፤ 161 × 161 = 25,921፤ ድምሩ 111,185
መ. √ ተጫኑ፦ 333.4

ወደ 333 ኪ.ሜ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው፤ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች አግኝተን ረጅሙን መፈለግ። ሁለቱን ቁጥሮች እንዲያው መደመር (292 + 161) ስህተት ነው፤ እሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ታጥፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ አውሮፕላን ርቀት ይሆናል።

በዚሁ መንገድ ባሕር ዳር – ጎንደር 102 ኪ.ሜ፣ ባሕር ዳር – ላሊበላ ደግሞ ወደ 185 ኪ.ሜ ይመጣል። ራሳችሁ ሠርታችሁ አመሳክሩት።

አሁን ውጤቱን በጉግል ማፕ አረጋግጡ። ኮምፒውተር ላይ የባሕር ዳርን ማኮብኮቢያ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ርቀት መለኪያ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ ቦሌን ንኩ። ስልክ ላይ ከሆነ ቀይዋ ምልክት እስክትወጣ ጣታችሁን ማኮብኮቢያው ላይ አቆዩ፤ ከታች ከሚመጣው ዝርዝር መለኪያውን ታገኛላችሁ። ከሠራችሁት ከ3 ወይም ከ4 ኪ.ሜ በላይ ከተለየ ደረጃ 2ን ተመለሱበት፣ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው።

«አቅጣጫ» የሚለውን አትንኩ። እሱ የመኪና መንገድ ነው የሚያወጣላችሁ። አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ወደ 560 ኪ.ሜ ነው፤ መንገዱ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፣ በየከተማውም ይዞራል። የጎንደሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቀጥታው መስመር ጣናን ከደቡብ ወደ ሰሜን ቆርጦት ያልፋል፤ መኪናው ግን ሐይቁን በምሥራቅ በኩል በወረታና በአዲስ ዘመን ዞሮ ወደ 180 ኪ.ሜ ይጓዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የ111ና የ109 ሒሳብ ለአገር ውስጥ ብቻ ነው። ለሩቅ አገር አትጠቀሙበት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳላስ በዚህ ብትሠሩት ወደ 13,100 ኪ.ሜ ይሰጣችኋል፤ እውነተኛው አጭሩ መንገድ ግን ወደ 11,560 ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ረጅም መስመር ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ሲያልፍ ያጥራል። ለሩቅ ጉዞ የጉግል ማፑን መለኪያ ውሰዱ፤ ክብነቱን አስቦ ነው የሚለካው። ወረቀት ላይ የታተመ ካርታን በማስመሪያ መለካትም ያው ስህተት ነው።

ደረጃ 4፦ ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት ለውጡ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከራከረኛል። «ጄት በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ 333ን ለ840 ሳካፍለው 24 ደቂቃ ነው። ለምን ትኬቱ 1 ሰዓት ይላል?»

ምክንያቱም 840 የሚደርሰው ከፍታውን ጨርሶ ሲደላደል ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ሲበር ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። በዚያ ላይ ትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ማኮብኮቢያ ድረስ መንዳት፣ ተራ መጠበቅ፣ ለማረፍ መዞር፣ ካረፈ በኋላ እስከ መውረጃው መሄድ፣ ሁሉም አለበት። ስለዚህ፦

- ለአጭር በረራ፦ ርቀቱን ለ800 አካፍሉ፣ በ60 አባዙ፣ 35 ደቂቃ ጨምሩ። ባሕር ዳር – አዲስ አበባ፦ 25 + 35 = 60 ደቂቃ።
- ባለ ውልብልቢቱ ዳሽ 8 ከሆነ፦ ለ600 አካፍሉ፣ ወደ 27 ደቂቃ ጨምሩ። 33 + 27፣ እሱም 60። በአጭር መንገድ የጄቱ ፍጥነት ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።
- ለረጅም በረራ፦ ለ850 አካፍሉ፣ 45 ደቂቃ ጨምሩ። አዲስ አበባ – ዱባይ ወደ 2,520 ኪ.ሜ ነው፤ 2 ሰዓት ከ58 ሲደመር 45፣ 3 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ትኬት ላይ ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ታያላችሁ፤ አውሮፕላን የተፈቀደለትን የአየር መስመር ስለሚከተል ከቀጥታው ትንሽ ይረዝማል።

ይህ ግምት ነው። ትኬቱ የሚለው ከግምታችሁ በ20 ደቂቃ ቢለይ ትኬቱን እመኑ። በ1 ሰዓት ወይም በ2 ሰዓት ከተለየ ግን አንዳች ነገር አለ፤ ወይ መሀል ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ወይ የአገር ሰዓት ልዩነት ገብቶበታል (ደረጃ 6)።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይህን አያጣውም፤ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋና ከፊት ሲመጣ መንገዱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ይለያያል። ሰሜኑን የዓለም ክፍል ይዞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ከባድ የከፍታ ነፋስ አለ። ከአሜሪካ ወደ እኛ የሚመጣው በረራ ከሚሄደው የሚያጥረው በዚህ ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለረጅም መንገድ ነዳጅ ሞልቶ ለሚነሣ አውሮፕላን ይህ ይከብደዋል፣ ስለዚህ በመሄጃው ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፍበት ጊዜ አለ። የመሄጃውን ሰዓት ለመመለሻው አትቅዱ።

ደረጃ 5፦ የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት መልሱ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ባለ 24 ሰዓት ቆጠራ ነው። አገር ውስጥ በረራም ቢሆን። ሦስት ሕግ ብቻ ያዙ፦

1. ከ00:00 እስከ 06:59፦ 6 ጨምሩ። 02:15 = ከሌሊቱ 8:15። 06:20 = ከንጋቱ 12:20።
2. ከ07:00 እስከ 18:59፦ 6 ቀንሱ። 07:10 = ከጠዋቱ 1:10። 13:00 = ከቀኑ 7 ሰዓት።
3. ከ19:00 እስከ 23:59፦ 18 ቀንሱ። 19:40 = ከምሽቱ 1:40። 22:00 = ከምሽቱ 4 ሰዓት።

አጎቴ ከመራዊ ሲመጣ ትኬቱ 07:10 ይል ነበር። «ሰባት ሰዓት ከአሥር» ብሎ አንብቦት ቤት ምሳ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ ወጣ። ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አምስት ሰዓት አልፎት ነበር። ቁጥሩ በኛም ሰዓት የሚያስኬድ ሲመስል ነው ሰው የሚሳሳተው፤ 19:40ን ያየ ሰው ግራ ገብቶት ይጠይቃል፣ 07:10ን ያየ ግን የሚያስጠይቅ አይመስለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ በኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ኤርፖርት መድረስ ያለባችሁ ሰኞ ማታ ነው። በኛ ልማድ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ብዙ ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ያኔ በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ለሽማግሌ ወይም ለእናት ስትነግሩ «ማክሰኞ ሌሊት» አትበሉ፤ «ሰኞ እራት በልተሽ ትወጫለሽ» በሉ።

ቀኑንም በፈረንጅ ነው የሚጽፉት። ከግድግዳ ካላንደር ላይ ስታመሳክሩ የሳምንቱን ቀን ተመልከቱ፤ ሐሙስ በሁለቱም ካላንደር ሐሙስ ነው። በቃል መያዝ ለሚፈልግ፣ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በቃል ብቻ የማትተማመኑት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ውጭ አገር ከሆነ የአገሮቹን ሰዓት አስታርቁ

ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው አገር ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ብትቀናንሱ የበረራው ርዝመት አይመጣም።

ለምሳሌ ከቦሌ 17:00 ተነሥቶ ዱባይ 22:00 የሚደርስ በረራ ቢኖር ልዩነቱ 5 ሰዓት ይመስላል። ዱባይ ከኛ 1 ሰዓት ስለምትቀድም 1 ቀንሱ፤ በረራው 4 ሰዓት ነው። እዚህ ባሕር ዳር ስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ 22:00 የዱባይ ማለት በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ጅዳና ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ለነሱ ምንም አትቀንሱ።

ዋሽንግተን በክረምታቸው ከኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ ቦሌ 08:00 የሚደርስ በረራ በወረቀት 21 ሰዓት ይመስላል፤ 8 ሲቀነስ 13 ሰዓት ነው። ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ እስከ ኅዳር መጀመሪያው እሑድ (በፈረንጅ ማርችና ኖቬምበር) ሰዓታቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ ልዩነቱ 7 ይሆናል። እኛ ሰዓት አንቀያይርም። የመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» ካያችሁ በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው፤ ተቀባያችሁ በዕለቱ እንዳይወጣ ንገሩት።

ደረጃ 7፦ ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ለአገር ውስጥ በረራ 2 ሰዓት፣ ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት መድረስ የተለመደ ነው። ትኬታችሁ የተለየ ነገር ካለ እሱን ተከተሉ። በረራው 09:20 ነው እንበል፦

- 09:20 በኛ 3:20 ነው
- 2 ሰዓት ሲቀነስ፣ 1:20 ላይ ኤርፖርት
- ከአባይ ማዶ ለመምጣት 40 ደቂቃ ብትይዙ፣ 12:40 ላይ ከቤት

ባጃጁን በዋዜማው ማታ ቅጠሩት፤ ለጠዋት በረራ መንገድ ዳር ቆሞ ባጃጅ መጠበቅ አይሆንም። ከዘጌ ወይም ከሐይቁ ደሴቶች የምትመጡ ሰዎች፣ በጀልባ ተነሥቶ በዚያው ጠዋት ለመብረር አትሞክሩ። ነፋስ ከተነሣ የጀልባው ሰዓት በማንም እጅ አይደለም፤ ቀድማችሁ ገብታችሁ ከተማ እደሩ።

አሁን ሁሉንም ደምሩ። መንገድ 40 ደቂቃ፣ ኤርፖርት 2 ሰዓት፣ በረራ 1 ሰዓት፣ ቦሌ ወርዶ ሻንጣ ይዞ እስኪወጡ 30 ደቂቃ፤ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። «አንድ ሰዓት ነው» ተብሎ ለ4:30 ስብሰባ በ3:20 በረራ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ።

በቦሌ በኩል ወደ ውጭ የምታልፉ ከሆነ፣ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ ተርሚናል የተለያየ መሆኑን አስቡ። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተያዙ መጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛውን የሚያስተካክልላችሁ አካል አለ። ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ ግን የዘገየው የራሳችሁ ነው፤ ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ተዉ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ደመናና ዝናብ ባለበት ወር የጠዋት በረራ መዘግየቱ ብርቅ አይደለም።

የተለመዱ ስህተቶች

- በካርታ ቅርብ የሆነን ከተማ በአውሮፕላንም ቅርብ ማድረግ። ከባሕር ዳር ጎንደር 102 ኪ.ሜ ነው፤ ቀጥታ በረራ ካላገኛችሁ ግን በአዲስ አበባ ዞራችሁ 333 ሲደመር 420፣ 753 ኪ.ሜ ትበራላችሁ። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት «ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ?» ብላችሁ ጠይቁ።
- ማይልን ኪሎ ሜትር አድርጎ ማንበብ። ለባሕር ዳር – አዲስ አበባ አንዳንድ ገጽ 207 ይላል፤ እሱ በማይል ነው። 180 ካለ ደግሞ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው፣ በ1.852 አባዙት።
- 1.5 ሰዓትን «1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ» ማለት። ካልኩሌተር የሚሰጠው አሥረኛ ነው፤ 0.5ን በ60 አባዙ፣ 30 ደቂቃ።
- ስልኩ ወደ እኛ ሰዓት ተስተካክሎ እያለ የትኬቱን ሰዓት ለማንቂያ መሙላት። ለ07:10 በረራ ማንቂያ ስትሞሉ ስልኩ ራሱ በየትኛው ቆጠራ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ እዩ።
- የመሳፈሪያውን ሰዓት ከመነሻው ጋር ማምታታት። ቦርዲንግ ፓስ ላይ ሁለት ሰዓት ካያችሁ ቀደም ያለው በሩ ጋ መገኘት ያለባችሁ ነው፤ እናንተን የሚመለከታችሁ እሱ ነው።